ቺንጋውን ሞላው ይወጥረው
(ለወጣት መካኒኮችና ለመኪና ባለቤቶች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከፊት የተቀመጣችሁት የጋራዥ ልጆች እንደሆናችሁ እጃችሁ ላይ ያለው ግሪስ ይናገራል። ከኋላ ያላችሁት ደግሞ መኪናችሁን ጋራዥ አስገብታችሁ እስክትወጣ ድረስ እንቅልፍ የማይወስዳችሁ ባለቤቶች ናችሁ። የዛሬው ወሬ ለሁለታችሁም ነው። ርዕሱ ጠባብ ነው፤ የታይሚንግ ቺንጋ ሲቀየር ውጥረቱ እንዴት ይስተካከላል?

ይህን ጥያቄ ጋራዥ ውስጥ ስታነሱ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በአውራ ጣት ነው። መካኒኩ ቺንጋውን ጫን ጫን ያደርገዋል፣ አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል፣ ከዚያ "አሁን ልክ ነው" ይላል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ያቺ አውራ ጣት ትረፍ ብዬ ለመለመን ነው። እኛ አገር በብዛት በምናያቸው ሞተሮች ላይ ቺንጋውን መወጠር ያለበት ሞላው እንጂ ሰው አይደለም፤ ሞላው ስል መወጠሪያውን፣ ማለትም ቺንጋውን የሚገፋውን ተሽከርካሪ፣ የሚስበውን ማለቴ ነው። የመካኒኩ ድርሻ ሞላው ሥራውን የሚሠራበትን ሁኔታ ማመቻቸት፣ ከዚያ ቡሎኑን ማሰር ነው። ነገሩ ይኸው ነው። ግን "ሁኔታውን ማመቻቸት" የምትለው ውስጥ ብዙ ጉድ አለ።

መጀመሪያ ቺንጋው ምን እንደሚሠራ። ታች ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት አለ። ላይ ቫልቮላዎቹን፣ ማለትም የአየርና የጭስ በሮቹን፣ የሚከፍተው ካም ሻፍት አለ። ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካሙ አንድ ጊዜ መዞር አለበት፤ ሳይቀድም፣ ሳይዘገይ። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲሄድ ካሙ 1,500 ዙር ይሄዳል። በሰከንድ 25 ማለት ነው። እያንዳንዱ ቫልቮላ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ 25 ጊዜ ይዘጋል። ይህን ሁሉ የሚያገናኘው አንድ ባለጥርስ ጎማ ነው። ውስጡ የፋይበርግላስ ክር አለ፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ክር ላይ ነው። ጥርሱ ላይ የተለበጠው ጨርቅ ደግሞ መበላትን ይቀንሳል።

ይህ ነገር መኪና ላይ ከመጣ ብዙ ዘመኑ አይደለም። ግላስ የሚባል የጀርመን አምራች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ 1004 በሚባል መኪናው ላይ ሲያደርገው ለብዙ ምርት የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በፊት ሰንሰለት ወይም ጥርስ ለጥርስ ነበር። ቺንጋ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ዘይት አይፈልግም። ዕድሜው ግን የተቆረጠ ነው።

ቪትዝ የምትነዱ ዘና በሉ፤ ሞተራችሁ ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የመጡት ባለ 1ዜድዜድ ሞተር ኮሮላዎችም እንደዚያው። የዛሬው ጉዳይ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹን ኮሮላ ከ4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ጋር፣ ሚኒባሶቹ ላይ ያሉትን 3ኤልና 5ኤል ናፍጣዎች፣ ላንድ ክሩዘር ላይ ያለውን 1ኤችዜድ እና የመሳሰሉትን ነው።

ከእነዚህ መሀል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የ4ኤ-ኤፍኢ ቺንጋ ቢበጠስ መኪናው ቀጥ ይላል፤ ትገፋላችሁ፣ ትረግማላችሁ፣ አዲስ ቺንጋ ታስገባላችሁ፣ ትሄዳላችሁ። ቫልቮላውና ፒስቶኑ አይገናኙም። 5ኤል ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ናፍጣ የሚነደው በመታመቅ ስለሆነ ኮምፕሬሽኑ 22 ለ 1 አካባቢ ነው። ፒስቶኑ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው (ከሞተሩ ክዳን) ጋር የሚቀረው ክፍተት እጅግ ትንሽ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ፒስቶኑ ክፍት የቀረውን ቫልቮላ ይመታዋል። ቴስታታ ማውረድ፣ ቫልቮላ መቀየር፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ። የሚኒባስ ባለቤቶች ይህን ሂሳብ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ውጥረቱ። ቺንጋ ሲላላ ምን ይሆናል? ጥርሱ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚዞርበት ጎማ መሳይ ብረት) ውስጥ በደንብ አይቀመጥም፤ ጫፉ ላይ ይንጠለጠላል። ድንገት ስትነሱ ወይም ሞተሩ ሲጠፋ ትንሽ ሲመለስ፣ ከጥርስ ጥርስ ይዘላል። የካሙ ፑሌጃ 40 ጥርስ አለው እንበል። አንድ ጥርስ ማለት ካሙ ላይ 9 ዲግሪ፣ ክራንኩ ላይ 18 ዲግሪ ነው። ቤንዚን መኪና በዚያ ሁኔታ ይነሳ ይሆናል። ግን ጉልበት የለውም፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡት) ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ይጠጣል። ባለቤቱ ካንዴላ ይቀይራል፣ ፊልትሮ ይቀይራል፣ ገንዘቡ ያልቃል፤ ችግሩ ግን እዚያው ሽፋኑ ሥር ቁጭ ብሏል።

ሲጠብቅስ? "መጥበቅ ከመላላት ይሻላል" የሚለውን አባባል ስንቴ ሰማችሁ? እውነት አይደለም። የጠበቀ ቺንጋ ክሩን ያደክማል። የመወጠሪያውን ኩሽኔታ (የሚሽከረከርበትን ቤሪንግ) ይበላል። ቺንጋው የውሃ ፖምፓ በሚያዞርባቸው ሞተሮች ላይ ደግሞ የፖምፓውን ኩሽኔታ አብሮ ይጨርሳል። ምልክቱ ነዳጅ ስትሰጡ አብሮ ከፍ የሚል ቀጭን ፉጨት ነው። የላላው በተቃራኒው ሽፋኑን እየመታ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ በተለይ ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ። ኩሽኔታ ሲነክስ ደግሞ ቺንጋው ሞቆ ይበጠሳል፤ ወንጀሉ ግን ቺንጋው ላይ ይለጠፋል። "ቺንጋው ፎርጅድ ነበር" ይባላል። ፎርጅድ መኖሩን አልክድም፤ መለዋወጫ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ያልገባ ሰው የለም። ግን ሁሉም ቺንጋ በፎርጅድነት አይሞትም።

ሌላው ሙቀት ነው። ሞተር ሲሞቅ ያብጣል፣ በተለይ አሉሚኒየም የሆነ ቴስታታ። ሲያብጥ በክራንክና በካም መሀል ያለው ርቀት ይጨምራል። የቺንጋው ክር ግን አብሮ አይረዝምም። ስለዚህ የታሰረ መወጠሪያ ባለው ሞተር ላይ ቺንጋው ሞተሩ ሲሞቅ ይጠብቃል፣ ሲበርድ ይላላል። ለዚህ ነው ውጥረቱ ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ የሚስተካከለው። ከመንገድ የመጣ መኪና ኮፈኑን ከፍታችሁ ወዲያው ቺንጋ ብታስሩ፣ ማታ ሲበርድ ያሰራችሁት ነገር ሌላ ሆኖ ይገኛል። ደንበኛው ይቸኩላል፣ አውቃለሁ። ሻይ ጋብዙት።

እስኪ 4ኤ-ኤፍኢን በቅርብ እንየው። ከሁሉም ቀላል ስለሆነ ለትምህርት ይመቻል። ቺንጋው የሚነካው ሦስት ፑሌጃ ብቻ ነው፤ ክራንክ፣ ካም እና መወጠሪያው። ካም ሻፍት ሁለት ቢኖረውም ቺንጋው አንዱን ብቻ ነው የሚያዞረው፤ ሁለቱ እርስ በርስ በጥርስ ተያይዘዋል።

በቺንጋው በኩል ፊት ለፊት ቁሙ። ሞተሩ የሚዞረው እንደ ሰዓት ነው። ክራንኩ ቺንጋውን በቀኝ በኩል ወደ ታች ይጎትታል። ስለዚህ በቀኝ ያለው ቺንጋ ሁልጊዜ ተጎታች ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ልሉ የሚሰበሰበው በግራ ነው። መወጠሪያውም በግራ የተደረገው ለዚሁ ነው። ይህቺን ነገር የያዘ ሰው ቀሪውን በራሱ ይደርስበታል። ልል ሁሉ ወደ መወጠሪያው በኩል መሰብሰብ አለበት፣ ሞላው የሚያነሳው እዚያ ያለውን ብቻ ነውና። በቀኝ በኩል የቀረ ልል ካለ ሞላው አያየውም።

ክራንኩንና ካሙን ምልክታቸው ላይ ታደርጋላችሁ። የመወጠሪያውን ቡሎን ታላሉና ፑሌጃውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ለጊዜው ታስራላችሁ። ቺንጋውን ከክራንኩ ጀምራችሁ፣ ቀኙን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ካሙ ላይ ትጭናላችሁ። በካቻቢቴ እየቆፈራችሁ አይደለም፤ በእጅ። ቺንጋውን አትጠፉት፣ አትገልብጡት፣ ጠበብ አድርጋችሁ አትጠቅልሉት። የፋይበርግላስ ክር ሲታጠፍ ውስጥ ለውስጥ ይሰበራል፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

ከዚያ የመወጠሪያውን ቡሎን ታላላላችሁ። ሞላው ፑሌጃውን ይስበዋል፣ ቺንጋው ይያዛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ካቻቢቴ ወይም የብረት ዘንግ ያነሳና መወጠሪያውን "ትንሽ ላግዘው" ይላል። አታግዙት! ሞላው የተሠራው በልኩ ነው። ያረጀ ከመሰላችሁ አውጥታችሁ ርዝመቱን ለኩ፣ ከማኑዋሉ ጋር አስተያዩ፣ ከረዘመ ቀይሩት። ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ቡሎኑ እንደላላ ክራንኩን በራሱ ቡሎን፣ በኪያቤ፣ ቀስ ብላችሁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። እንደ ሰዓት አቅጣጫ ብቻ። ካንዴላዎቹን ብታወጡ ይቀላል። በሞተሪኖ (በማስነሻ ሞተሩ) አይዞርም፤ በካሙ ቡሎንም አይዞርም።

ለምን ሁለት ዙር? ክራንኩ ሁለት ሲዞር ካሙ አንድ ሙሉ ዙር ያደርጋል፤ ቫልቮላዎቹ ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ይከፈታሉ ማለት ነው። ካሙ ዝም ብሎ የሚሽከረከር ዕቃ አይደለም። የቫልቮላ ሞላ አንዳንዴ ይቃወመዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ የካሙ አፍንጫ (ቫልቮላውን የሚገፋው ጉብታ) ካለፈ በኋላ ወደፊት ይወረውረዋል። ስለዚህ በግራ ያለው ልል ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ሁለቱን ዙር ስትጨርሱ ጥርሶቹ ሁሉ ቦታቸውን ይዘዋል፣ ሞላውም የሚነሳውን ልል አንስቷል። ምልክቱን አልፋችሁ ከሄዳችሁ ወደ ኋላ አትመልሱ። ወደ ኋላ ስትመልሱ በቀኝ የነበረው ቺንጋ ይላላና ሂሳቡ ይገለበጣል። እንደገና ሁለት ዙር ወደፊት ሂዱ። ደቂቃ አይፈጅም።

ምልክቶቹ ከገጠሙ የመወጠሪያውን ቡሎን እሰሩ። ልኩ 37 ኒውተን ሜትር ነው። ቶርክ ሬንች (ጉልበት የሚለካ ኪያቤ) ለሌለው፣ 25 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ኪያቤ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ቧንቧ ሰክቶ መንጠልጠል አያስፈልግም። ከታሰረ በኋላ ሞላው ሥራውን ጨርሷል። ሞተሩ ሲሄድ ቺንጋውን የሚይዘው ቡሎኑ ነው። "ሞላው እያስተካከለ ይሄዳል" ብሎ ቡሎኑን ላላ አድርጎ የሚተው አለ፤ ያ በዚህ ሞተር ላይ አይሠራም።

አሁን አውራ ጣታችሁ ትምጣ፣ ግን ሚዛን ይዛ። ለዚህ ሞተር የተሰጠው ልክ በ2 ኪሎ ጉልበት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መርገብ ነው። የሻንጣ መመዘኛውን የእጅ ሚዛን መንጠቆ ቺንጋው ላይ አድርጋችሁ፣ ማኑዋሉ በሚያሳየው ቦታ ጎትቱና በማስመሪያ ለኩ። ልኩ ካልመጣ ቺንጋውን በእጅ አታስገድዱት። ቡሎኑን አላልታችሁ ሁለቱን ዙር ድገሙ። ያም እምቢ ካለ ሞላውን ወይም ኩሽኔታውን ጠርጥሩ።

5ኤል ላይ መርሁ ያው ነው፤ ሞላ፣ ሁለት ዙር፣ ማሰር። የሚጨመረው የናፍጣ ፖምፓው ፑሌጃ ነው፤ እሱም የራሱ ምልክት አለው። ሦስቱም ሳይገጥሙ ቺንጋ አይጫንም። ኮምፕሬሽኑ ስለሚከብድ ስታዞሩ ቀስ። መሀል ላይ ድርቅ ካለባችሁ አታስገድዱት፤ ፒስቶንና ቫልቮላ ተገናኝተው ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሆንዳን ላንሳ፣ ነገሩን በደንብ ስለሚያሳይ። የድሮዎቹ ባለ ዲ ሞተር ሲቪኮች የሚዞሩት በተቃራኒው፣ ከሰዓት አቅጣጫ በግልባጭ ነው። የአስተካካዩ ቡሎን ይላላል፣ ከዚያ ክራንኩ የካሙ ፑሌጃ ሦስት ጥርስ እስኪሄድ ድረስ ይዞራል፤ እዚያው ላይ ይታሰራል። ለምን ሦስት ጥርስ? ካሙ በዚያ ቦታ የቫልቮላ ሞላ እየተቃወመው ስለሆነ ተጎታቹ ወገን ቀጥ ይላል፣ ልሉ ወደ መወጠሪያው ይሄዳል። አቅጣጫው ተገለበጠ እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። ቶዮታ የለመደ እጅ ሆንዳን በልማድ ቢያዞረው ግን ሙሉ በሙሉ ይስታል።

ቺንጋውን በሁለት ጣት ይዞ 90 ዲግሪ ማጠፍ የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከየትም አልመጣም፤ ለአንዳንድ የድሮ ሞተሮች የሚሠራ ግምት ነው። ግን የጣት ጉልበት ከሰው ሰው ይለያል፣ የቺንጋው ስፋት ይለያል፣ በፑሌጃዎቹ መሀል ያለው ርዝመት ይለያል። ሰፊ ቺንጋ ልክ ሆኖም አይታጠፍም፤ ረጅሙ ደግሞ ላልቶም ጠብቆም ይታጠፋል። ለማየት ያህል ይሁን፣ ለመወሰን አይሁን።

ከዚህ የሚሻለው በድምፅ መለካት ነው። ቺንጋውን እንደ ክራር አውታር ትመቱታላችሁ፣ መሣሪያው ድግግሞሹን በኸርዝ ይነግራችኋል። አሁን በስልክም የሚሠራ አለ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ውጥረቱ የሚያድገው በድግግሞሹ ካሬ ነው። ድምፁ በ10 በመቶ ቢወጣ ውጥረቱ በ21 በመቶ ጨምሯል። ስለዚህ "ትንሽ ነው የወጣው" አይባልም። ለዚያ ሞተር የተሰጠ የኸርዝ ቁጥር ከሌላችሁ ደግሞ መሣሪያው ብቻውን ምንም አይጠቅማችሁም።

1ኤችዜድ ላይ መወጠሪያው በዘይት የሚሠራ ነው፤ ሞተሩ ሲሄድም እየተከታተለ ይወጥራል። ሥራችሁ እሱን መመርመር ነው። በሁለት እጅ ይዛችሁ ዘንጉን ግድግዳ ላይ በኃይል ግፉት። ከገባ ሞቷል። ዘይት ካንጠባጠበም እንደዚያው። ደህና ከሆነ በሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ በሚይዘው ብረት) ቀስ እያላችሁ ትጨምቁታላችሁ፣ ቀዳዳዎቹ ሲገጥሙ ቀጭን ሽቦ ትሰኩበታላችሁ፣ ሁሉ ነገር ከገባ በኋላ ሽቦውን ትነቅላላችሁ። በችኮላ መጭመቅ ውስጡን ያበላሻል፣ ዘይቱ የሚያልፈው በጠባብ መንገድ ስለሆነ። የአውሮፓ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ መወጠሪያው ላይ ያለችውን ቀስት ከጭረቷ ጋር ማጋጠም ነው፤ እሱን መመሪያው ይነግራችኋል።

ኩሽኔታውን ሳትቀይሩ ቺንጋ ብቻ አትቀይሩ። "ገና ደህና ነው" የምትሉትን ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ በጣት አዙሩት። ደረቅ ድምፅ ካለው፣ ወይም ደግሞ ምንም ሳይቋቋም ለረጅም ጊዜ ብቻውን ከተሽከረከረ፣ ግሪሱ አልቋል። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ መግደል ነው፤ የቀረችውን ግሪስ ያቀልጣታል። የክራንኩና የካሙ ዘይት ማገጃ ጎማዎች ላይ እርጥበት ካያችሁም አብራችሁ ቀይሩ። ዘይት የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ጥርሱ ይለሰልሳል፤ ከዚያ ምን ያህል በልክ ቢወጠር ዋጋ የለውም። የታችኛውን ሽፋን ደግሞ እባካችሁ መልሳችሁ ግጠሙ። ቡሎኑ ጠፋ ተብሎ ሽፋኑ ጋራዥ ጥግ ይቀራል፣ ቺንጋው አቧራና ጭቃ ሲበላ ይከርማል።

ጥያቄዎች ነበሩ። አንድ ወንድማችን "ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጋ መብራት አለ፣ እስኪበራ ብጠብቅስ?" ብሏል። መብራቱ ቺንጋውን አያየውም። የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ነው፣ 100,000 ሲሞላ ይበራል። አሁን እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ ስንቱ ሚኒባስ ነው ቆጣሪው የሚሠራ? ቆጣሪው ከቆመ መብራቱም አይበራም። ያገለገለ መኪና ስትገዙም የቺንጋው ዕድሜ በወረቀት ካልተነገራችሁ ቁጥሩን አትመኑ፣ ቀይሩት። ከተማ ውስጥ የሚውል መኪና ደግሞ ቆሞም ሞተሩ ይሠራል። ትራፊክ ላይ ተሰልፋችሁ ኪሎ ሜትሩ አይንቀሳቀስም፤ ቺንጋው ግን እየዞረ ነው።

አንዲት እህታችን ደግሞ "መካኒኬ በየሰርቪሱ ቺንጋውን ያጠብቅልኛል፣ ጥሩ ነው?" ስትል ጠይቃለች። የመብራት ዲናሞውን ቺንጋ ከሆነ፣ አዎ፣ እሱ ይላላል፣ ይጠበቃል። የታይሚንጉን ከሆነ ግን አስቁሚው። ክሩ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። በልክ የታሰረ ቺንጋ ከላላ የሆነ ነገር ሄዷል፤ ወይ ቡሎኑ ተፈቷል፣ ወይ ኩሽኔታው ተንቀጥቅጧል፣ ወይ ጥርሱ ተበልቷል። ማጥበቅ ያንን ይደብቀዋል። በሚቀጥለው ሰርቪስ "ከማጥበቅህ በፊት ሽፋኑን ክፈትና ምን እንደላላ አሳየኝ" በዪው።